የወባ ትንኝ በአጎበር ላይ ስታንዣብብ፦ የቪዲዮ ካሜራ ያሳየው

በፀረ ወባ ትንኝ ኬሚካል የተነከረ አጎበር በሚታደልባቸው አካባቢዎች ሁሉ የሚነሣ አንድ ቅሬታ አለ። ትንኟ አጎበሩን አይታ አትሸሽም፤ እንዲያውም ሌሊቱን በላዩ ላይ ስታንዣብብ ትሰማለች፤ ስለዚህ ኬሚካሉ ሞቷል የሚል ነው። ከወልቂጤ ወደ ጊቤ ሸለቆ በሚወርደው ቆላማ ሥፍራም ሆነ በቡታጅራ ዙሪያ ባሉ ቀበሌዎች ለሚኖር ተገልጋይ ጥያቄው ተገቢ ነው። ብዙዎቻችን ኬሚካሉ እንደ ጭስ ትንኝን እንዲያባርር እንጠብቃለንና።

መልሱ የተገኘው የነፍሳትን እንቅስቃሴ በቪዲዮ በመቅረጽና በሶፍትዌር በመተንተን ነው። የእንግሊዝ ሀገር የሊቨርፑል የሐሩር ክልል ሕክምና ትምህርት ቤት ተመራማሪዎች ከዋርዊክ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ጋር ያካሄዱት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2015 ሳይንቲፊክ ሪፖርትስ በተሰኘው መጽሔት ታትሟል። በጥናቱ አንድ ሰው በጨለማ ክፍል ውስጥ በአጎበር ሥር እንዲተኛ ተደርጎ የወባ ትንኞች ተለቀቁ። ክፍሉን ያበራው ለሰውም ሆነ ለትንኝ ዓይን የማይታየው የኢንፍራሬድ ብርሃን በመሆኑ ትንኞቹ በተፈጥሯዊ ጨለማ ውስጥ እንዳሉ ሆነው ሲበሩ ካሜራዎቹ ተከታተሏቸው።

ቪዲዮ በእያንዳንዱ ሴኮንድ በአስሮች የሚቆጠሩ ምስሎችን የያዘ ነው። አንዲት ትንኝ ደግሞ በምስሉ ላይ ከትንሽ ነጥብ አትበልጥም። ሶፍትዌሩ በመጀመሪያ የማይንቀሳቀሰውን ነገር፣ ማለትም አልጋውን፣ አጎበሩንና ግድግዳውን፣ ከምስሉ ቀንሶ የቀረውን ነጥብ ቦታ ይመዘግባል። ቀጥሎም ያ ነጥብ በሚከተለው ምስል ላይ የት እንደደረሰ እያገናኘ የበረራውን መሥመር ይስላል። የሁለት ትንኞች መንገድ ሲጠላለፍ የትኛው የማን እንደሆነ መለየት የሥራው አስቸጋሪ ክፍል ነው። መሥመሩ ከተሳለ በኋላ ፍጥነቷን፣ አቅጣጫ የቀየረችበትን ቦታ፣ አጎበሩን የነካችበትን ጊዜና ርዝመት በትክክል መለካት ይቻላል። በባዶ ዓይን ሲታይ ዝብርቅርቅ የሚመስለው በረራም በአራት ዓይነት ተለይቷል፦ አጎበሩን ሳይነኩ አጠገቡ መብረር፣ አልፎ አልፎ እየነኩ መብረር፣ ደጋግሞ እየነጠሩ መንካት እና ማረፍ።

ከዚህ የተገኘው ዋና ውጤት ቅሬታውን በቀጥታ ይመልሳል። ትንኞቹ ኬሚካል ወዳለው አጎበርም ሆነ ወደሌለው በተመሳሳይ ሁኔታ ቀርበዋል፤ ኬሚካሉ ከቅርብ ርቀት አላባረራቸውም። ልዩነቱ የታየው ከነኩት በኋላ ነው። በመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች ውስጥ አንዲት ትንኝ ኬሚካል ያለውን አጎበር የነካችበት ጊዜ ሲደመር ከአንድ ደቂቃ በታች ነበር። ያም ሆኖ ከ30 ደቂቃ በኋላ በአጎበሩ ዙሪያ የቀረው እንቅስቃሴ እጅግ አነስተኛ ሆኗል። እንግዲህ ትንኟ ወደ አጎበሩ መምጣቷ በራሱ ኬሚካሉ መሞቱን አያሳይም፤ ኬሚካሉ የሚያገኛት ስትነካው ነው።

ሁለተኛው ውጤት ለቤት አያያዝ የበለጠ ይጠቅማል። አብዛኛው እንቅስቃሴ የታየው በአጎበሩ ጣራ ላይ፣ ከተኛው ሰው ደረት በላይ ባለው ክፍል ነበር። የሰውነት ሙቀትና ጠረን ወደ ላይ ስለሚወጣ እንደሆነ ይታመናል። ይህን በመከተል በጣራው ላይ ተጨማሪ ግድግዳ የተተከለለት አጎበር በቡርኪና ፋሶ ተሞክሮ ብዙ ትንኞችን መግደሉ እ.ኤ.አ. በ2020 ታትሟል።

ስለዚህ በአጎበር ጣራ ላይ ያለ ቀዳዳ በቸልታ የሚታለፍ አይደለም፤ ሳይውል ሳያድር መሰፋት አለበት። ጥቀርሻና አቧራ እንዳይወርድበት በሚል ጣራውን በጨርቅ ወይም በፕላስቲክ መሸፈንም ትንኟ ኬሚካሉን እንዳትነካ ማድረግ ነው። አጎበሩ ከቆሸሸ በቀዝቃዛ ውኃና በለስላሳ ሳሙና ታጥቦ በጥላ ሥር ይድረቅ፤ ፀሐይ ኬሚካሉን ያዳክማል። በጅባ ላይ መሬት ለሚተኛ የቤተሰብ አባል አራቱ ገመዶች ዝቅ ብለው ይታሰሩ፤ የአጎበሩም ጠርዝ ከጅባው ሥር ይገባ።

ጥናቱ የማይመልሰውም ጉዳይ አለ። በሙከራው ያገለገለችው አኖፊለስ ጋምቢዬ ስትሆን በሀገራችን ዋነኛዋ የወባ አስተላላፊ የቅርብ ዘመዷ አኖፊለስ አረቢየንሲስ ናት። ይህች ትንኝ ሰው ከመተኛቱ በፊት በምሽት፣ ከቤት ውጭም ትነክሳለች። ለተለመደው የአጎበር ኬሚካል የመቋቋም ባሕርይ ማዳበሯም በኢትዮጵያ ተረጋግጧል። አጎበር ብቻውን በቂ ነው ማለት አይቻልም፤ የቤት ውስጥ የኬሚካል ርጭትና ያቆረ ውኃን ማፋሰስ የተጓደለ እንደሆነ ክፍተቱን አጎበር አይሞላውም።

በቡታጅራ አካባቢ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት ወባ ከ2,000 ሜትር ከፍታ በላይ ባሉ ቀበሌዎችም እንደሚገኝ አሳይቷል፤ በአብዛኛው የተገኘው ዝርያ ቫይቫክስ ነበር። በመላ ሀገሪቱ እ.ኤ.አ. ከ2024 መጀመሪያ እስከ ኦክቶበር 20 ድረስ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማንና 1,157 ሞት መመዝገቡን የዓለም ጤና ድርጅት አስታውቋል።

ለጉራጌ አካባቢ ወቅቱም የራሱ ፈተና አለው። ዋናው የወባ ወቅት ክረምቱ እንዳለፈ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው፤ መስቀልም የሚውለው በዚሁ ወቅት ነው። ከአዲስ አበባና ከሌሎች ከተሞች ለበዓሉ ወደ ትውልድ መንደሩ የሚገባው ወገን ብዙ ስለሆነ በየቤቱ ያለው አጎበር ለእንግዳው አይዳረስም። ወባ በሌለበት የሚኖር ሰው በሽታውን የመቋቋም አቅሙ አነስተኛ በመሆኑ እንግዳው ያለ አጎበር ባይተኛ ይመረጣል፤ የራሱን ይዞ ቢመጣ ደግሞ የተሻለ ነው። ወደ ከተማ ከተመለሰ በኋላ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት ወይም ራስ ምታት ከተሰማው በ24 ሰዓት ውስጥ ወደ ጤና ተቋም ሄዶ የት እንደሰነበተ ለባለሙያው መንገር ይኖርበታል።

አጎበር በዘመቻ የሚታደለው በነፃ ነው። አጎበር ያልደረሰዎት ወይም የተሰጠዎት ከጥገና በላይ የተቀደደ ከሆነ በቀበሌዎ ጤና ኬላ ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ፣ በከተማ ለሚኖሩም በአቅራቢያዎ ለሚገኘው ጤና ጣቢያ ያስመዝግቡ። ሲያስመዝግቡ የቤተሰብዎን ቁጥርና የመኝታ ሥፍራዎችን ብዛት ይግለጹ። አዲስ አጎበር ከማሸጊያው ከወጣ በኋላ ለ24 ሰዓት በጥላ ሥር ተናፍሶ መሰቀል አለበት።