የስክሪን ልክና የፊደል ጥራት፦ ከደምበጫ እስከ ቡሬ

ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ በተሰለፉት በደምበጫ፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ከተሞች የሚሸጡ ስልኮች፣ ላፕቶፖችና ቴሌቪዥኖች ሁለት ዓይነት ልክ ይዘው ይመጣሉ፤ አንደኛው በኢንች የሚነገረው የስክሪኑ ትልቅነት ሲሆን፣ ሁለተኛው «720 በ1600» ወይም «1366 በ768» እየተባለ የሚጻፈው የነጥቦቹ ብዛት ነው። ገዥ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው ስለ መጀመሪያው ነው፤ ሻጭም ሁለተኛውን የሚያነሣው «ኤችዲ ነው» ብሎ ዕቃውን ለማሞገስ ካልሆነ በቀር እምብዛም ነው። ይሁን እንጂ አማርኛ ለሚያነብና ለሚጽፍ ሰው የስክሪን ጥቅም የሚታወቀው ሁለቱ ልኮች አንድ ላይ ሲታዩ ነው፤ የግእዝ ፊደል ከላቲኑ ይልቅ ብዙ ነጥብ ስለሚጠይቅ፣ ለሌላው ዓለም በቂ የሆነው ስክሪን ለአማርኛ አንባቢ ሊያንስ ይችላል።

ማንኛውም ስክሪን በረድፍና በዓምድ የተደረደሩ ጥቃቅን የብርሃን ነጥቦች ስብስብ ነው። እያንዳንዱ ነጥብ ፒክስል ይባላል፤ ነጥቦቹ በወርድ ስንት፣ በቁመት ስንት እንደሆኑ የሚገልጸው የቁጥር ጥንድ ሪዞሉሽን ሲባል፣ ወርዱ ለቁመቱ ሲካፈል የሚገኘው ደግሞ የስክሪኑን ቅርጽ የሚወስነው የወርድና የቁመት ምጣኔ ነው። መሥሪያ ቤት ጉዳይ ገጥሞት የሚያውቅ ሁሉ እንዲያቀርብ የሚታዘዘው 3 በ4 ጉርድ ፎቶግራፍ ወደ ጎኑ ቢጋደም፣ የድሮው ቴሌቪዥንና የድሮው ኮምፒውተር ስክሪን ቅርጽ ያው ነው።

4 ለ3 የሚባለው ይህ ምጣኔ የመጣው ከፊልም ነው። በቶማስ ኤዲሰን ቤተ ሙከራ ይሠራ የነበረው ዊልያም ዲክሰን በ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ላይ በ35 ሚሊሜትር ፊልም ላይ የሚያርፈው እያንዳንዱ ምስል በፊልሙ ዳር ካሉት ቀዳዳዎች የአራቱን ያህል ቁመት እንዲኖረው ሲያደርግ ቅርጹ ተወሰነ፤ ቴሌቪዥን ከፊልም፣ ኮምፒውተርም ከቴሌቪዥን ወረሱት። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥርጭት ሲጀምር ያሳየው ምስል በዚሁ ምጣኔ የተቀረጸ ነበር። አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1987 ያወጣው ቪጂኤ የተባለው 640 በ480፣ ኋላም የተከተሉት 800 በ600 እና 1024 በ768 የነጥባቸው ብዛት ይለያይ እንጂ ሲካፈሉ ሁሉም 4 ለ3 ናቸው። ሰፊው 16 ለ9 የመጣው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ከርንስ ፓወርስ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ፣ ለቴሌቪዥን የተሠራውንም ለሲኒማ የተሠራውንም ምስል ብዙ ሳይጎዳ የሚያስተናግድ መካከለኛ ቅርጽ ፈልጎ ባቀረበው ሐሳብ ነው። ሁለቱም ምጣኔዎች፣ የመጀመሪያውም ሆነ የኋለኛው፣ ማንም ጽሑፍ ስለማንበብ አስቦ የመረጣቸው አለመሆናቸው ልብ ሊባል ይገባል።

ወደ ፊደሉ ሲመጣ ነገሩ ይጠብቃል። የላቲን ትልልቅ ፊደላት በወርድ 5፣ በቁመት 7 ነጥብ ባለው መረብ ላይ ያለ ችግር እንደሚነበቡ ከቀድሞዎቹ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳዎች ጀምሮ የታወቀ ነው። በግእዝ ፊደል ግን የአናባቢው ልዩነት ያለው በጥቃቅን ቅጥያዎች ላይ ነው። «ቡ» በቀኝ እግሩ ወገብ ላይ ጭረት አለው፤ «ቢ» ያንኑ ጭረት ከእግሩ ግርጌ ይይዛል፤ «ቤ» ደግሞ በዚያው በግርጌው ላይ ቀለበት አለው። ቀለበት ቀለበት መስሎ እንዲታይ መካከሉ ክፍት መሆን ስላለበት፣ ቢያንስ 3 በ3 የሆነ ቦታና በመካከሉ ያልተቀባች አንዲት ነጥብ ያስፈልጉታል፤ ይህች ነጥብ ከጠፋች «ቤ»ን ከ«ቢ» የሚለየው ነገር አይኖርም፤ አንባቢውም ቃሉን ከዓረፍተ ነገሩ ስሜት መገመት ግድ ይሆንበታል። ሦስት እግር ያለው «ሐ» ሦስት ቋሚ መስመርና ሁለት ክፍተት ስላለው ከ5 ዓምድ ባነሰ ቦታ ሊቀረጽ አይችልም፤ «ሔ» ሲሆን ቀለበቱ ሁለት ዓምድ ይጨምራል፤ ከሚቀጥለው ፊደል የሚለየው ባዶ ቦታ ሲታከልበት 8 ዓምድ ይሞላል። በዚህ ስሌት 84 በ48 ነጥብ በነበረው በታዋቂው ኖኪያ 3310 ስክሪን ላይ በአንድ መስመር ሊሰፍር የሚችለው የግእዝ ፊደል 10 ብቻ ነው፤ 128 በ160 በሆነ አነስተኛ ባለ ቁልፍ ቀፎ ላይ ደግሞ 16 ነው፤ እሱም ፊደሉ ተጨምቆ እንጂ ዓይንን ሳያደክም የሚነበብ ሆኖ አይደለም።

በፊደል ፈንታ ባዶ ሳጥን ተደርድሮ የሚታይበት ጊዜ ግን የነጥብ ማነስ ያመጣው ችግር አይደለም። የኢትዮጵያ ፊደላት ዩኒኮድ ወደተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ኮድ የገቡት እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን፣ ሳጥኑ የሚመጣው መሣሪያው ኮዱን እያወቀ የፊደሉ ቅርጽ፣ ማለትም ፎንቱ፣ ሳይጫንበት ሲቀር ነው። እንዲሁም አንድ አጭር የስልክ መልእክት በላቲን 160 ፊደል ሲይዝ በአማርኛ 70 ብቻ የሚይዘው በኮዱ ስፋት ምክንያት ነው እንጂ ስክሪኑ ስለጠበበ አይደለም። የቀፎው ጥበትና የማንበብ ችሎታ ማነስ አንድ ላይ የፈጠሩትን መሰናክል በተለየ መንገድ ያለፈው እ.ኤ.አ. በ2014 የተጀመረው የ8028 የግብርና መረጃ መስመር ነው፤ ገበሬው የአዘራርና የማዳበሪያ ምክሩን በገዛ ቋንቋው በድምፅ ስለሚሰማ የስልኩ ስክሪን ምንም ያህል ቢሆን ለውጥ አያመጣም።

በጃቢ ጠህናን፣ በወምበርማ ወይም በቋሪት ገጠር መብራት ያልደረሰበት ቤት ባለ ቁልፍ ስልክን የሙጥኝ የሚልበት ምክንያት በቁጥር ሊታይ ይችላል። የተሻለው ባለ ቁልፍ ስልክ ስክሪን 240 በ320 ሲሆን ጠቅላላ ነጥቡ 76,800 ነው፤ ዛሬ በርካሽ ዋጋ የሚገኘው ተች ስልክ 720 በ1600 ሲሆን ነጥቡ 1,152,000 ይደርሳል፤ ይኸውም በትክክል 15 እጥፍ ነው። ለዚህ ሁሉ ነጥብ ቀለሙን በየሴኮንዱ ደጋግሞ የሚያሰላው የስልኩ ፕሮሰሰርም ሆነ ሰፊውን ስክሪን ከጀርባ የሚያበራው መብራት ኃይላቸውን የሚስቡት ከባትሪው ነው፤ በትንሽ የፀሐይ ሰሌዳ ለሚሞላ ስልክ ልዩነቱ የአንድ ቀንና የብዙ ቀን ልዩነት ይሆናል።

ተች ስልክ ከተገዛም በኋላ በኢንቹ መታለል አለ። ኢንች የሚለካው ከማዕዘን ወደ ተቃራኒው ማዕዘን በሰያፍ ስለሆነ፣ ስክሪን እየረዘመና እየቀጠነ ሲሄድ ኢንቹ ያድጋል፤ ስፋቱ ግን ላያድግ ይችላል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ይሸጥ የነበረው ባለ 5.5 ኢንች ስልክ ምጣኔው 16 ለ9፣ ነጥቡ 720 በ1280 ነበር፤ የስክሪኑ ወርድ ሲሰላ 6.8 ሴንቲሜትር ገደማ ይሆናል። የአሁኑ ባለ 6.5 ኢንች ስልክ ምጣኔው 20 ለ9፣ ነጥቡ 720 በ1600 ሲሆን ወርዱ ሲሰላ ያው 6.8 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። አንድ ሙሉ ኢንች ጨምሮ የከፈለ ሰው በወርድ አንዲት ነጥብ፣ በመስመርም አንዲት ፊደል አልጨመረም፤ ያገኘው ወደ ታች የሚወርዱ ተጨማሪ መስመሮችን ነው። ረጅም ጽሑፍ ወደ ላይ እየገፋ ለሚያነብ ይህ ጥቅም አለው፤ የፊደሉ ጥራት ግን ቅንጣት አልተለወጠም። እ.ኤ.አ. በ2017 ታላላቆቹ አምራቾች ወደ 18 ለ9 እና ከዚያ ወደሚረዝም ቅርጽ የዞሩት የእጅ መዳፍ ስፋት የተወሰነ በመሆኑ ስልክ ሊያድግ የሚችለው ወደ ቁመቱ ብቻ ስለሆነ ነው፤ ውሳኔው ምክንያታዊ ቢሆንም ማስታወቂያው ከእውነቱ በላይ ማጋነኑ አልቀረም።

ስንት ነጥብ በቂ ነው ለሚለው ጥያቄ መልሱ ያለው በዓይን አቅምና በርቀት ላይ ነው። ጤናማ ዓይን ስልክ በሚነበብበት በ30 ሴንቲሜትር ርቀት ለይቶ የሚያየው ትንሹ ነገር የአንድ ሚሊሜትር አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም፤ ከላይ በተጠቀሱት ሁለት ስልኮች ላይ የአንዲት ነጥብ ስፋትም ወደዚሁ የተጠጋ ስለሆነ፣ 1080 በ2400 የሆነውን ውድ ስልክ መግዛት ለንባብ የሚጨምረው ጥቂት ነው። በባለ 2.4 ኢንች ቁልፍ ስልክ ላይ ግን የነጥቧ ስፋት ከዚያ ከግማሽ በላይ ስለሚያልፍ የፊደሉ ጠርዝ እንደ ደረጃ ሲሰበር ዓይን ያየዋል። በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ገደማ ወደ አገሪቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በገባው «ፕላዝማ» በተባለው የቴሌቪዥን ትምህርት የሚታየው ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው። በሰፊ ክፍል የኋላ ወንበር፣ 8 ሜትር ርቆ ለተቀመጠ ተማሪ ዓይኑ የሚለየው ትንሹ ልክ ከ2 ሚሊሜትር ይበልጣል፤ የ42 ኢንች ስክሪን ነጥብ ግን ወደ 1 ሚሊሜትር ስለሚጠጋ፣ ስክሪኑ በእጥፍ ቢጠራ እንኳ ተማሪው ያንኑ ያያል። ለእሱ የሚያስፈልገው ፊደሉ በቁመት እንዲያድግ ነበር፤ ይህም የአምራቹ ሳይሆን የትምህርቱ አዘጋጅ ሥራ ነው።

ፀሐይም የራሷ ድርሻ አላት። እ.ኤ.አ. በ2008 በሺዎች ተቆጥረው ወደ ኢትዮጵያ የመጡት ለሕፃናት የተሠሩ አረንጓዴና ነጭ ላፕቶፖች 7.5 ኢንች ብቻ በሆነ ስክሪን 1200 በ900 ነጥብ ይዘው ነበር፤ ምጣኔያቸው 4 ለ3 ሲሆን፣ የጀርባ መብራታቸው ሲጠፋ ብርሃንን በመመለስ በቀትር ፀሐይ በጥቁርና ነጭ ይነበቡ ነበር። ለደጅና ለዛፍ ጥላ የታሰበ ይህን የመሰለ ስክሪን ከዚያ ወዲህ በተራው ገበያ አለመለመዱ የሚያስቆጭ ነው፤ ዛሬ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ከቤት ቤት ይዘውት የሚዞሩት ታብሌት በቀትር ብርሃን የሚታየው ብርሃኑን እስከ ጫፍ ከፍ በማድረግና ባትሪውን በመጨረስ ነው።

በፍኖተ ሰላም ፍርድ ቤትና ጽሕፈት ቤቶች አካባቢ ማመልከቻ፣ ውልና አቤቱታ የሚጽፉ የኮምፒውተር ጽሕፈት አገልግሎቶች ከሁሉም ይልቅ የሚቸገሩት በቅርጽ ነው። ሥራቸው ተጠናቆ የሚወጣው በኤፎር ወረቀት ላይ ነው፤ ወረቀቱ 210 በ297 ሚሊሜትር ሆኖ ወደ ላይ የቆመ ሲሆን፣ ስክሪኑ ወደ ጎን የተኛ ነው። በተለመደው የኮምፒውተር ልክ አንድ ኤፎር ገጽ በሙሉ መጠኑ ሲታይ 794 በ1123 ነጥብ ይይዛል። 1366 በ768 በሆነው የላፕቶፕ ስክሪን ከቁመቱ ላይ የመጻፊያው ፕሮግራም አዝራሮችና የታችኛው መስመር ድርሻቸውን ወስደው የሚተርፈው ቦታ የሚያሳየው የገጹን ግማሽ ገደማ ነው፤ በግራና በቀኝ ግን ለምንም የማይውል ሰፊ ባዶ ቦታ ይቀራል። ያረጀ ተብሎ የሚናቀው ባለ 17 ኢንች «ካሬ» ሞኒተር 1280 በ1024፣ ምጣኔውም 5 ለ4 ስለሆነ፣ ከገጹ ሦስት አራተኛ ያህሉን በአንድ ጊዜ ያሳያል። ለጸሐፊ ይህ አሮጌ ሞኒተር ከአዲሱ ሰፊ ላፕቶፕ ይሻላል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሰፊው ቅርጽ የሚስማማው ለቴሌቪዥን ነው፤ እዚያም ቢሆን ያለ ጣጣ አይደለም። በዱሮው ምጣኔ የተቀረጸ ክሊፕ በአዲሱ ቴሌቪዥን ላይ ሙሉውን ስክሪን እንዲሞላ ሲለጠጥ፣ ወርዱ በሲሶ ስለሚጨምር የዘፋኙ ፊት ይደነብላል፣ እስክስታ መቺውም ወፍሮ ይታያል፤ የሪሲቨሩን ወይም የቴሌቪዥኑን የምስል ቅርጽ ወደ 4 ለ3 መመለስ ብቻ በቂ ሆኖ ሳለ፣ በየምግብ ቤቱና በየቡና ቤቱ ጥቁሩን ዳር ላለማየት ሲባል ልጠጣው ይመረጣል። በቁመት የተቀረጸ የስልክ ቪዲዮ ደግሞ በተቃራኒው በቴሌቪዥን ላይ ሲታይ ከስክሪኑ ሲሶ የማይሞላ ቦታ ብቻ ይይዛል፤ የሠርግ ቀራጭ ስልኩን አጋድሞ መያዝ ያለበትም ለዚህ ነው።

በመሥሪያ ቤቶች የሚዘወተር ሌላ ስሕተት አለ። የዛሬ ዘመን ጠፍጣፋ ስክሪን የተሠራበት አንድ የተፈጥሮ ሪዞሉሽን ብቻ አለው፤ ፊደሉ እንዲተልቅ ሲባል 1280 በ1024 የሆነው ሞኒተር ወደ 1024 በ768 ሲወርድ፣ እያንዳንዷ ነጥብ በወርድ 1.25፣ በቁመት 1.33 ያህል ነጥብ እንድትሸፍን ስለምትገደድ ፊደሉ ይደበዝዛል፤ ቀጭኑ የ«ቤ» ቀለበትም መጀመሪያ ይጎዳል። መፍትሔው ሪዞሉሽኑን በተፈጥሮው ትቶ፣ በዊንዶውስ የማሳያ ማስተካከያ ውስጥ የጽሑፉን መጠን ወደ 125 በመቶ ከፍ ማድረግ ነው። ሪዞሉሽኑ በወረደበት ሞኒተር ላይ ስካን የተደረገ ደብዳቤ ሲከፈት ክቡ ማኅተም ሞላላ ሆኖ ይታያል፤ ደብዳቤው ሲታተም ግን ማኅተሙ ክብ ሆኖ ይወጣል፤ የተዛባው ስክሪኑ እንጂ ሰነዱ አይደለምና።