የካን ጊዮ የባሕር ዳር ደን በጦርነት መጥፋቱና ተመልሶ መተከሉ

በቬትናም አገር፥ ከሳይጎን ከተማ በስተ ደቡብ ምሥራቅ፥ ወንዞች ወደ ባሕር በሚገቡበት ረግረግ ላይ ካን ጊዮ የሚባል ስፍራ አለ። ከጦርነቱ በፊት ወደ 40 ሺሕ ሄክታር የሚሆነውን የዚህን ስፍራ ጭቃ ማንግሮቭ የሚባለው ዛፍ ሸፍኖት ነበር። ማንግሮቭ ጨው ባለበት ውኃ ውስጥ የሚበቅል ዛፍ ነው፤ በቀይ ባሕር ዳር የተጓዘ ሰው ዘመዱን ሳያየው አይቀርም። ሥሩ ከግንዱ ወጥቶ እንደ ድንኳን ምሰሶ በጭቃው ላይ ይቆማል። ባሕሩ ሲሞላ ውኃው በሥሩ መካከል ይገባል፥ ሲጐድልም ይወጣል። ትልቁ ዓሣ ሊገባበት በማይችለው በዚያ ጠባብ ስፍራ የዓሣ ጫጩት፥ ሸርጣንና ሽሪምፕ ተሸሽገው ያድጋሉ፤ የወደቀውም ቅጠል በስብሶ ምግብ ይሆናቸዋል። እንግዲህ ይህ ደን ለዓሣ አጥማጅ፥ ለገበሬ የዘር ጐተራ እንደ ሆነው ያለ ነው።

ወደ ሳይጎን ወደብ የሚሄዱት መርከቦች በዚህ ደን መካከል በሎንግ ታው ወንዝ ያልፉ ነበር። የደቡብ ቬትናምን መንግሥትና የአሜሪካንን ሠራዊት የሚወጉት ሸማቂዎች ደግሞ በደኑ ተሸሽገው በመርከቦቹ ላይ ይተኵሱ ነበር። ሸማቂውን ከዛፉ ለይቶ መምታት ስላልተቻለ፥ ዛፉን ራሱን መግደል ተቈረጠ። ስለዚህ ከ1960ዎቹ አጋማሽ እስከ 1970 ድረስ (ዓመቱ ሁሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ነው) አውሮፕላኖች ዝቅ ብለው እየበረሩ የአረም ማጥፊያ መድኃኒት ረጩበት። በየወረዳው ያለ የግብርና ሠራተኛ ይኸን ቢያውቅ መልካም ነው፤ ከመድኃኒቱ ውስጥ አንዱ ክፍል ዛሬም ገበሬ በስንዴ ማሳ ላይ የሚረጨው ቱ ፎር ዲ ነበር። ዳዮክሲን የሚባለው ክፉ መርዝ የመጣው ግን ከእርሱ ጋር ከተቀላቀለው ከሌላው መድኃኒት ነው። ከ1962 እስከ 1971 ባለው ጊዜ በደቡብ ቬትናም ምድር ላይ የተረጨው ሁሉ ቢደመር ከ70 ሚሊዮን ሊትር ይበልጣል።

የደጋው ዛፍ አንድ ጊዜ ቢረጭበት ቅጠሉን አራግፎ መልሶ የሚያቈጠቍጥ ብዙ ነው። ማንግሮቭ ግን በአንድ ርጭት ይሞታል። በካን ጊዮም ከደኑ ከግማሽ የሚበልጠው ደረቀ። እናት ዛፎቹ ስለ ሞቱ ዘር የሚጥል ጠፋ፤ ጥላ ያጣው ጭቃ በፀሐይ ደረቀ፤ በውስጡም የነበረው ድኝ አየር ሲያገኘው አፈሩ ኮመጠጠ። ጦርነቱ በ1975 ካለቀ በኋላም ሕዝቡ ድኻ ስለ ነበረ የተረፈውን ዛፍ ለማገዶ ይቈርጠው ነበር። በእንዲህ ያለ አገር የሚኖር አጥማጅ መረቡ ባዶ ሲሆንበት መጥረቢያ ያነሣል፤ መጥረቢያውም ደግሞ መረቡን ይበልጥ ባዶ ያደርግበታል።

በ1978 የአገሩ መንግሥት ደኑን መልሶ ለመትከል ሥራ ጀመረ። በአቅራቢያው የሚበቃ ዘር ስላልተገኘ፥ በአገሩ ደቡብ ጫፍ ካለው ከካ ማው ተጭኖ መጣ። የዚህ ዛፍ ዘር ገና በእናቱ ላይ ሳለ ይበቅልና እንደ ጧፍ ረዝሞ ይንጠለጠላል፤ ሲጐመራም ጫፉን ወደ ታች አድርጎ ይወድቃል። ስለዚህ የችግኝ ማፍያ መደብ አያስፈልገውም። ሠራተኞቹ ባሕሩ ሲጐድል በጭቃው ገብተው እያንዳንዱን በእጃቸው ተከሉ። እንዲህም እያሉ ብዙ ዓመት ደክመው ወደ 20 ሺሕ ሄክታር የሚሆን መሬት አለበሱ። አጠጋግተው ተክለውት ስለ ነበር፥ ዛፉ ሲያድግ መመንጠር ግድ ሆነ።

ነገር ግን የመትከሉ ድካም ከመጠበቁ ድካም ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ደኑ ሰፊ፥ መግቢያውም በየወንዙ ስለ ሆነ፥ እንጨት ሌባው ከጠባቂው ይልቅ ብዙ ነበር። (ስንት ችግኝ ተተከለ ብሎ ጽፎ መዝገቡን የሚዘጋ ሹም በዚያም አገር ሳይኖር አይቀርም።) ከ1990 ወዲህ ግን ደኑ እየተከፈለ፥ በዚያው ለሚኖሩ ቤተ ሰቦች በውል ተሰጠ። እነርሱም በደኑ ውስጥ ቤት ሠርተው ድርሻቸውን ይጠብቃሉ፤ በሄክታር ልክ በየዓመቱ ገንዘብ ይቀበላሉ፤ በደኑ መካከል ካሉት ወንዞችም ዓሣና ሸርጣን ያጠምዳሉ። ቀድሞ በመጥረቢያ ይፈራ የነበረው ሰው እንዲህ ጠባቂ ሆነ። ዩኔስኮም በ2000 ካን ጊዮን ከዓለም የተጠበቁ የሕይወት ክልሎች ጋር መዘገበው፤ ከቬትናምም የመጀመሪያው እርሱ ነው።

ቀድሞ በነበረው ደን ውስጥ ልዩ ልዩ ዓይነት ዛፍ ተቀላቅሎ ይገኝ ነበር፤ በሰው እጅ የተተከለው ግን አብዛኛው አንድ ዓይነት ነው። ሌሎቹ ማንም ሳይተክላቸው፥ ዘራቸውን የባሕር ሙላት እያመጣው፥ በወንዞቹ ዳር በአዲሱ ደለል ላይ በቅለዋል።