ሽሉ አልያዘም ሲሉ፦ ሆርሞን የሚረዳውና የማይረዳው

ልጃችሁ ወይም ምራታችሁ አርባን አልፋ «ሃፍራያ» ጀምራለች እንበል። ሽል ገባላት፣ አልያዘም። ሁለተኛም ሦስተኛም እንዲሁ ሆነ። ሐኪሙ አሁን «ሆርሞን እንጨምር» አላት። እናንተም ይሄ መድኃኒት ምን ያደርጋል ብላችሁ ትጨነቃላችሁ።

መጀመሪያ ምክንያቱን እንወቅ። ሴት እንቁላሎቿን ይዛ ነው የምትወለደው፤ በኋላ አዲስ አይፈጠርም። የ42 ዓመት ሴት እንቁላልም ዕድሜው 42 ነው። እንቁላል ሲያረጅ የክሮሞሶሙ ቁጥር የመዛባት ዕድል ይጨምራል። ከ40 ዓመት በኋላ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሽሎች እንዲህ ናቸው። በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ጥሩ ይመስላሉ፤ ማህፀን ውስጥ ግን አብዛኞቹ አይይዙም። ጥፋቱ የልጅቷ አይደለም፤ እርግማንም አይደለም።

ሆርሞኑስ? ኢስትሮጅን የማህፀንን ውስጠኛ ሽፋን ያወፍራል። ሐኪሙ በአልትራሳውንድ ይለካዋል፤ ብዙውን ጊዜ 7 ሚሊ ሜትር ያህል እስኪደርስ ይጠብቃል። ከዚያ ፕሮጌስትሮን ይጨመራል። እሱ ሽፋኑን ሽል እንዲቀበል ያዘጋጀዋል። በሴት ብልት የሚገባ ኪኒን ወይም ጄል አለ፣ መርፌም አለ። በረዶ ቤት የቆየ ሽል በመድኃኒት በተዘጋጀ ማህፀን ሲገባ፣ ሰውነቷ ራሱ ፕሮጌስትሮን ስለማያመነጭ ሰዓት ማሳለፍ ይጎዳል። ትንሽ ደም ብታይም ሐኪም ሳትጠይቅ ማቆም የለባትም። የእርግዝናው የደም ምርመራ ሽሉ ከገባ ሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ ነው።

እዚህ ላይ እውነቱን እንነጋገር። እነዚህ ሆርሞኖች ቤቱን ያዘጋጃሉ እንጂ ያረጀ እንቁላል አያድሱም። የእድገት ሆርሞንና «ዲ ኤች ኢ ኤ» የሚባሉትም አንዳንዴ ይታዘዛሉ፤ ብዙ ልጅ እንዲወለድ እንደሚያደርጉ ግን በጥናት አልተረጋገጠም። ከኪስ የሚከፈል ከሆነ «ለእኔ ዕድሜ ምን ያህል ይጨምርልኛል?» ብላ ትጠይቅ።

ከሚቀጥለው ሙከራ በፊት መጠየቅ የሚገባው፦
– ማህፀኗ ውስጥ ፖሊፕ ወይም ጠባሳ አለ ወይ?
– የታይሮይድና የደም መርጋት ምርመራ ተደርጓል?
– የባልየውስ ምርመራ? ጉዳዩ የሁለቱም ነው።

በእስራኤል ሕግ በራሷ እንቁላል የሚደረገው ሕክምና እስከ 45 ዓመት፣ ለአንደኛና ለሁለተኛ ልጅ፣ በቁፓት ሆሊም ይሸፈናል። ከሌላ ሴት በተለገሰ እንቁላል ደግሞ እስከ 54 ዓመት ይቻላል፤ የ2010 የእንቁላል ልገሳ ሕግ ይፈቅደዋል። ይህን መንገድ መምረጥ ከባድ ነው፤ የሃይማኖት ጥያቄም ያስነሳል። ቄሱን ወይም ረቢውን ለማማከር ጊዜ ስጧቸው። ውሳኔው ግን የባልና ሚስቱ ነው።

እናንተ ምን ማድረግ ትችላላችሁ? ሽል ከገባ በኋላ «ተኚ፣ አትንቀሳቀሺ» አትበሏት፤ መተኛት እንዲይዝ አያደርገውም። ሐኪም ያላወቀውን የሀገር መድኃኒት አትስጧት። የጾም ቀን ከመጣ አስቀድማ ሐኪሟን ትጠይቅ። ዕብራይስጥ የሚያስቸግራት ከሆነ በክሊኒኩ አማርኛ የሚናገር አስተርጓሚ እንዲገኝላት ጠይቁ። ዘመድ በተሰበሰበበት «ልጅስ?» የሚል ሲመጣ ወሬውን ቀይሩላት። ስልክ ስትደውሉም «ምን አዲስ ነገር አለ?» ከማለት «ነገ ወደ ምርመራው ማን ያድርስሽ?» ማለት ይሻላል።