ማስታወቂያ ያልወጣበት ሥራ፦ የሱቅ ባለቤትን እንዴት እናናግር?

አንድ የጨርቃ ጨርቅ መደብር፣ ምግብ ቤት ወይም የስልክ ጥገና ሱቅ ሰው ሲያስፈልገው ብዙ ጊዜ ማስታወቂያ አያወጣም። ባለቤቱ ለጎረቤት ሱቅ ይናገራል፣ ከዙህር ሶላት በኋላ መስጂዱ ደጃፍ ላይ «የምታምነው ልጅ ታውቃለህ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ነገሩ በዚያው ያልቃል። ይህን የማያውቅ ወጣት ግን የትምህርት ማስረጃውን በፌስታል ይዞ የትልልቅ መሥሪያ ቤቶችን ሰሌዳ ሲያነብ ይከርማል። ሰፈሩ ውስጥ ያለውን ሥራ ሌላው ቀድሞት ይገባበታል።

ስለዚህ ሳይጠሩን ሄደን መጠየቅ ነውር አይደለም። ነውር የሚመስለን ሥራ መጠየቅን ከልመና ጋር ስለምናደባልቀው ነው። አብዱረሕማን ኢብን ዐውፍ (ረ.ዐ) መዲና ሲገቡ አንሷሪው ወንድማቸው ሀብቱን ሊያካፍላቸው ቢያቀርብላቸውም፣ እርሳቸው የጠየቁት የገበያውን መንገድ እንዲያሳዩዋቸው ነበር።

በመጀመሪያ ባለቤቱ ምን እንደሚያስፈራው እንረዳ። ትንሽ ሱቅ የሰው ኃይል ክፍል የለውም፤ ብሩም፣ ቁልፉም፣ የዱቤ መዝገቡም ያለው አንድ ጠረጴዛ ላይ ነው። አዲስ ልጅ መቅጠር ማለት ያንን ጠረጴዛ ለማያውቁት ሰው አሳልፎ መስጠት ነው። ስለዚህም «ዲግሪ አለኝ» ከሚለው ቃል በፊት «የማን ልጅ ነው?» የሚለው ጥያቄ ይመጣል። በሱረቱል ቀሶስ ውስጥ ልጅቷ ሙሳን (ዐ.ሰ) እንዲቀጥሩ ለአባቷ ስታሳስብ ያነሳችው ሁለት ነገር ነው፦ ብርታቱንና ታማኝነቱን። የዛሬው ባለሱቅም የሚፈልገው ከዚህ ብዙም የራቀ አይደለም። ብርታታችንን ሠርተን እናሳያለን፤ ታማኝነታችንን ግን መጀመሪያ ሌላ ሰው ነው የሚመሰክርልን። ስለዚህ ከመሄዳችን በፊት ተያዥ ሊሆነን የሚችል ሰው አነጋግረን ፈቃዱን መያዝ አለብን። ባለቤቱ «ዋስ አለህ?» ሲል «እፈልጋለሁ» ማለትና «አዎ፣ እዚህ ጎን ያሉት ባለ ወፍጮ ቤት ያውቁኛል» ማለት በጣም ይለያያል። መታወቂያም ይዘን እንሂድ።

ሰዓቱን መምረጥ ያስፈልጋል። መርካቶን የሚያውቅ ሰው ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ባለሱቅን ለሥራ ጥያቄ አያቆምም። ጁሙዓ ሶላት ሲቃረብም ሰው ሱቁን ለመዝጋት ይጣደፋል። በሥራ ቀን ረፋዱ ላይ፣ ዕቃው ተደርድሮ ገዢው ሳይበዛ ቢሆን ይሻላል። ለልብስ ሱቅ ደግሞ የረመዳን አጋማሽ ጥሩ አጋጣሚ ነው፤ የዒድ ገበያ ሲደርስ ተጨማሪ እጅ የማይፈልግ ጥቂት ነው፣ ለሁለት ሳምንት ተብሎ የገባ ልጅም ሥራውን ካሳመረ የሚያስወጣው የለም።

ንግግሩ አጭር ይሁን። ለምሳሌ እንዲህ፦ «አሰላሙ ዐለይኩም ሐጂ። እዚሁ ከመስጂዱ ጀርባ ነው የምኖረው፣ የእገሌ ልጅ ነኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሱቅዎ ሲጨናነቅ አያለሁ። ሒሳብ መያዝ እችላለሁ፣ ዕቃውንም ፎቶ አንስቼ ቴሌግራም ላይ ማውጣት አውቅበታለሁ። ሰው የሚፈልጉ ከሆነ ሲመችዎ መጥቼ ላናግርዎ?» ባለቤቱ ክርስቲያን ከሆኑ «ጤና ይስጥልኝ ጋሼ» ብሎ መጀመር ነው፤ አክብሮቱ አንድ ነው። እዚህ ላይ የማንመክረው «ያገኙትን ማንኛውንም ሥራ እሠራለሁ» ማለትን ነው። ትሕትና ይመስላል፣ ግን ባለቤቱ የት እንደሚያስቀምጠን የማሰቡን ሸክም ለእርሱ ይተወዋል። ሱቁን አስቀድመን አይተን የጎደለውን አንድ ነገር ብንጠቅስ ይበልጣል።

ፈቃደኛ ሆኖ «እስቲ ና ሞክር» ሲል ብዙዎቻችን ደስታው ያሸንፈንና ሳንነጋገር እንገባለን። ቅሬታው የሚጀምረው ከዚህ ነው፤ በተለይ ባለቤቱ ዘመድ ወይም የአባት ወዳጅ ሲሆን። «እንደ ልጄ ነህ» የሚለው ቃል ደመወዝ ሆኖ ስድስት ወር የሚያልፍበት ቤት አለ። በዚያው በሙሳ (ዐ.ሰ) ታሪክ ሽማግሌው የሥራውን ዘመን ስምንት ዓመት፣ በፈቃዱ ከሞላው ደግሞ አሥር ብለው ክፍያውንም አብረው ነበር የቆረጡት። ዋጋን አስቀድሞ መነጋገር ስግብግብነት አይደለም።

ሕጉም የሚለው ነገር አለ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም፣ በሙከራ ላይ ያለ ሠራተኛም ደመወዝ ይገባዋል። «ሙከራ ስለሆነ አይከፈልም» የሚባለው መሠረት የለውም። ውሉ በቃል ብቻ ከሆነ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ስምምነቱን የሚገልጽ የተፈረመ ጽሑፍ ለሠራተኛው መስጠት አለበት። መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 አይበልጥም፤ ከዚያ በላይ የተሠራው የትርፍ ሰዓት ክፍያ አለው። ዕድሜው 15 ያልሞላ ልጅ መቅጠር ክልክል ነው። ዝቅተኛውን ደመወዝ ግን አዋጁ ራሱ በቁጥር አልቆረጠውም፣ የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋምለት ነው የተወው። ስለዚህ መጠኑን በተመለከተ ያለን መሣሪያ ድርድር ብቻ ነው፤ ከመሄዳችን በፊት ጎረቤት ሱቅ የሚሠሩ ልጆች ስንት እንደሚከፈላቸው መጠየቅ ይጠቅመናል።

የሶላት ጉዳይ ከገባን በኋላ ሳይሆን በዚያው ቀን ይነሳ። «ዙህርና ዐስርን እዚሁ ጥግ ላይ እሰግዳለሁ፣ ለእያንዳንዱ አሥር ደቂቃ ይበቃኛል፤ ለጁሙዓ ግን መውጣት አለብኝ፣ በምትኩ ማታ ልቆይ» ብሎ መፍትሔውን ይዞ መቅረብ ጥያቄውን ያቀለዋል። እህቶችም ሒጃብን በተመለከተ እንዲሁ ቢያደርጉ፣ የምሽት ሰዓትንና የመመለሻ ትራንስፖርትንም ቢጨምሩበት ጥሩ ነው። ከሁለት ወር በኋላ ከሚመጣ ጭቅጭቅ ያን ዕለት የሚሰማ «አይሆንም» ይሻላል።

«ለጊዜው ሰው አልፈልግም» ከተባልን ስልካችንን በወረቀት ትተን፣ አመስግነን እንወጣለን። ከዚያም ሌላ ሰው የሚፈልግ ያውቁ እንደሆነ እንጠይቃቸው። ባለሱቅ ባለሱቅን ያውቃል፤ «እኔ ባልፈልግም ከታች ያለው ሱቅ ልጅ ሄዶበታል» የሚለውን መልስ ብዙዎች ያገኙት በዚህች ጥያቄ ነው።