ሕክምና ለመማር ምርጫው የሚጀምረው መቼ ነው? ለላሊበላና ለላስታ አካባቢ ተማሪዎችና ወላጆች የቀረበ ማብራሪያ

ሐኪም ለመሆን የሚመኙ ተማሪዎችና ወላጆቻቸው ደጋግመው የሚያነሡት አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም «አስቀድሞ በባዮሎጂ ወይም በኬሚስትሪ የመጀመሪያ ዲግሪ ይዞ ወደ ሕክምና ትምህርት ማመልከት ይሻላልን? ከተሻለስ ዲግሪው በየትኛው ዩኒቨርሲቲ ቢያዝ ይጠቅማል?» የሚል ነው። አጭሩ ምላሽ እንዲህ ነው፦ በአገራችን ወደ ሕክምና ትምህርት የሚያስገባው ዋናው በር የሚከፈተው ከዲግሪ በኋላ ሳይሆን ገና በዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ነው። ስለሆነም ከሁሉ የሚበልጠው ውሳኔ ተማሪው የ12ኛ ክፍል ውጤቱን ተቀብሎ የዩኒቨርሲቲ ምርጫውን በሚሞላበት ጊዜ የሚወሰነው ነው።

የጥያቄው ምንጭ

በአሜሪካና በአብዛኛው የካናዳ ክፍል ወደ ሕክምና ትምህርት ቤት የሚያመለክተው የመጀመሪያ ዲግሪውን የጨረሰ ሰው ነው። በውጭ አገር የሚኖሩ ዘመዶች የሚሰጡት ምክርም ሆነ በበይነ መረብ የሚነበበው ጽሑፍ በአብዛኛው ይህን ሥርዓት መሠረት ያደረገ ነው። በኢትዮጵያ ግን እንደ ብሪታንያና እንደ ሕንድ ሁሉ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ያጠናቀቀ ተማሪ በቀጥታ ወደ ሕክምና የሚያመራበት መንገድ ዋነኛው ነው። የሌላውን አገር ሥርዓት ለራስ አድርጎ መውሰድ የተማሪውን ዓመታት፣ የወላጅንም ጥሪት ሊያባክን ይችላል።

መደበኛው መንገድ

በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በተፈጥሮ ሳይንስ ዘርፍ ለመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚያበቃ ውጤት ያገኘ ተማሪ የሚፈልጋቸውን ዩኒቨርሲቲዎች በቅደም ተከተል ይሞላል፤ ምደባውም በውጤትና በምርጫ ይከናወናል። የአንደኛ ዓመት የጋራ ትምህርት ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ዳግም ተግባራዊ ከሆነ ወዲህ፣ ተማሪው ወደ ሕክምና የሚመደበው በተመደበበት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ከጓደኞቹ ጋር ተወዳድሮ ነው። በዚህ ውድድር የመጀመሪያው ዓመት ውጤት ከፍተኛ ክብደት አለው።

ከዚህ የሚከተለው ነጥብ ብዙዎች የማያስተውሉት ነው፦ በተመደበበት ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ከሌለ፣ ተማሪው በመጀመሪያው ዓመት የቱንም ያህል ከፍተኛ ውጤት ቢያስመዘግብ የሚወዳደርበት ቦታ አያገኝም። ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ መዛወርም እንደ መብት የሚጠበቅ አይደለም።

ከላስታ ሲታይ

ከላሊበላ የሚነሣ ተማሪ ጋሸና ላይ ከወልድያ ወረታ መንገድ ጋር ይገናኛል። ወደ ምሥራቅ ሲታጠፍ ወልድያና ደሴ፣ ወደ ምዕራብ ሲያመራ ደግሞ ደብረ ታቦር፣ ባሕር ዳርና ጎንደር ይገኛሉ። ወላጆች ልጃቸው በቅርብ እንዲሆን መሻታቸው ተገቢ ነው፤ የመጓጓዣ ወጪም ሆነ የመንገድ ሁኔታ በቀላሉ የሚታይ ጉዳይ አይደለም። ሆኖም ሕክምና ለሚፈልግ ተማሪ ቅርበት ሁለተኛ መመዘኛ ሊሆን ይገባል።

በአማራ ክልል የጎንደር፣ የባሕር ዳር፣ የወሎ፣ የደብረ ታቦር፣ የደብረ ማርቆስና የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲዎች የሕክምና ትምህርት ይሰጣሉ። ከእነዚህ ውስጥ ጎንደር በ1947 ዓ.ም. በተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ መሠረት ላይ የቆመ ነባር ተቋም ነው። የወሎ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ዋና መቀመጫው ደሴ በመሆኑ ለሰሜን ወሎ ተማሪ ቅርብ ነው። ወልድያ ዩኒቨርሲቲን ለቅርበቱ የሚመርጥ ተማሪ በሚገባበት ዓመት የሕክምና ቅበላ መኖሩን አስቀድሞ ከሬጅስትራር ጽሕፈት ቤቱ ይጠይቅ። ራስ ገዝ የሆነው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የራሱን የመግቢያ ፈተና ስለሚሰጥ፣ ይህን የሚመርጥ ተማሪ የፈተናውን ማስታወቂያ ለብቻው መከታተል ይኖርበታል።

ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ ያለው መንገድ

ዲግሪ ይዞ ወደ ሕክምና መግባት በአገራችን ፈጽሞ የሌለ አይደለም። የሐኪሞችን እጥረት ለማቃለል በ2004 ዓ.ም. በ13 ተቋማት በተጀመረው አዲስ የሕክምና ትምህርት መርሐ ግብር፣ በተፈጥሮ ሳይንስና በጤና ዘርፎች የተመረቁ ሰዎች ተቀባይነት አግኝተው ሠልጥነዋል። ይሁን እንጂ ይህ መንገድ በየተቋሙ በሚወጣ የቅበላ ማስታወቂያ ላይ የተመሠረተ እንጂ ዲግሪውን ለያዘ ሁሉ የሚጠብቅ ቦታ አይደለም።

ስለዚህ በመጀመሪያው ዓመት ውድድር ሕክምና ያልደረሰው ተማሪ የሚመርጠው ዲግሪ በራሱ እንጀራ የሚያበላ ሊሆን ይገባል። የጤና መኮንንነት፣ ነርሲንግ፣ የአዋላጅነት ሙያ፣ ፋርማሲና የሕክምና ላቦራቶሪ ተማሪውን ከሕሙማን ጋር የሚያገናኙ፣ በወረዳ ጤና ጣቢያና በሆስፒታል የሚያሠሩ ሙያዎች ናቸው። የሕክምና ዕድል ቢገኝ መሠረት ይሆናሉ፤ ባይገኝም ተመራቂው ወገኑን ያገለግልባቸዋል። ለሕክምና መሸጋገሪያ ብቻ ተብሎ የተመረጠ፣ ተማሪው የማይወደው ዲግሪ ግን በሁለቱም በኩል ሊያጎድል ይችላል።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ማንኛውም የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ለመመረቅ የመውጫ ፈተና ማለፍ ይጠበቅበታል። የጤና ተመራቂዎች ደግሞ ወደ ሥራ ለመግባት የሙያ ብቃት ምዘና ይወስዳሉ። በመሆኑም ዩኒቨርሲቲ በሚመረጥበት ጊዜ ከስሙ ይልቅ የመማሪያ ሆስፒታሉን፣ የቤተ ሙከራውንና የመምህራኑን ሁኔታ መጠየቅ ይጠቅማል።

ከመወሰን በፊት ሊረጋገጡ የሚገባቸው

• በመጀመሪያ ምርጫነት የሚሞላው ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ያለው ስለመሆኑና ተማሪዎችን ወደ ሕክምና የሚመድብበት መመዘኛ፤
• የግል ኮሌጅ ከሆነ፣ ለሕክምና መርሐ ግብሩና ለሚማሩበት ካምፓስ ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የተሰጠ የጸና ፈቃድ፤ ለሌላ የትምህርት ዘርፍ የተሰጠ ፈቃድ ለሕክምና አያገለግልም፤
• ዲግሪ ይዘው ለሚያመለክቱ፣ በማስታወቂያው የተጠየቀው የትምህርት ዘርፍ፣ የውጤት መጠንና የሥራ ልምድ፣ እንዲሁም በድጋሚ ለሚማሩት ትምህርት የወጪ መጋራት ሥርዓቱ የሚያገለግል ስለመሆኑ።

ወላጆች በተለይ ሊገነዘቡት የሚገባ ጉዳይ አለ፦ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ምደባ በገንዘብ አይገዛም። «የሕክምና ቦታ አስገኝላችኋለሁ» ብሎ ክፍያ የሚጠይቅ ሰው ሲያጋጥም ገንዘብም ሆነ የተማሪውን የምዝገባ ቁጥርና የይለፍ ቃል ባለመስጠት፣ ጉዳዩን ለሚመለከተው የሕግ አካል ማሳወቅ ይገባል።

የምርጫ መሙያ ጊዜ አጭር በመሆኑና በገጠር ቀበሌዎች የኔትወርክ አገልግሎት ሊቋረጥ ስለሚችል፣ ተማሪዎች የምርጫቸውን ቅደም ተከተል ከወላጆቻቸውና ከመምህራኖቻቸው ጋር ተመካክረው አስቀድመው በወረቀት ላይ ቢያዘጋጁ ይመረጣል። ለተጨማሪ መረጃ የሚማሩበትን ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር፣ የላሊበላ ከተማ ወይም የላስታ ወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤትን፣ እንዲሁም የመረጡትን ዩኒቨርሲቲ ሬጅስትራር መጠየቅ ይችላሉ።