ለሸክላ ሠሪዋ ማን ቡና ያፈላላታል?

ሴቶች ተደራጅተው ሸክላ በሚሠሩበት ቦታ አዲስ አስተባባሪ ስትመደብ አቀባበሉ የታወቀ ነው። ቄጤማ ይጎዘጎዛል፣ ፈንዲሻ ይቆላል፣ የቀበሌው ሰው ንግግር ያደርጋል፣ ፎቶ ይነሣል። እኔ የማስበው ግን በማግስቱ ስላለው ቀን ነው፤ ጎረቤት ቡና አፍልቶ ይጠራታል ወይስ በሩቁ ሰላም ብሎ ያልፋታል?

በመተማና በገንዳ ውኃ ቆላ ሸክላ ለጌጥ ብቻ የሚቀመጥ ዕቃ አይደለም። በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ሲደርስ የመጠጥ ውኃ የሚቀዘቅዘው በእንስራ ነው፤ ማዶ ያሉት ሱዳኖች ዚር ይሉታል። በሸክላው ጥቃቅን ቀዳዳዎች ያላበው ውኃ ሲተን ሙቀቱን ይዞት ይሄዳል። (ነርስ ጡረታ ብትወጣም አመሏ አይለቃትምና፦ የቀዘቀዘ ውኃ ከጀርም የጸዳ ነው ማለት አይደለም። አፉ ይከደን፣ ልጆችም እጃቸውን ሳይነክሩ እጀታው በረዘመ መቅጃ ይቅዱ።)

ሥራው ራሱ ከባድ ነው። የቆላው መረሬ አፈር ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል፤ ሠሪዋ የሚስማማውን አፈር ፈልጋ፣ በጀርባዋ ተሸክማ፣ ገል ወቅጣ ቀላቅላ ታቦካዋለች። ከዚያ የኩበቱና የእንጨቱ ጭስ አለ። አዲሷ አስተባባሪ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ ብትችል የመተኮሻውን ቦታ ሕፃናት ከሚውሉበት እንድታርቀው እመኛለሁ፤ ገሉም በደረቁ ሲወቀጥ አቧራው ሳንባ ይጎዳል።

ይህን ሁሉ የምትሠራልንን ሴት ግን በብዙ መንደር «ቡዳ» እንላታለን። ጀበናዋን ገዝተን፣ ምጣዷን አሟሽተን እንጀራ እየጋገርንበት፣ ልጃችንን ከዓይኗ እንሸሽጋለን። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሙያው መስደብ በአዋጅ ከልክለው ነበር። ስድቡ ግን አልጠፋም። ጎንደር አጠገብ ባለችው በወለቃ ሸክላ ሲሠሩ የኖሩት ቤተ እስራኤላውያን ይህን ስም ተሸክመው ኖረዋል። በ1977 ዓ.ም. ወደ እስራኤል ከሄዱት ብዙዎቹ አስቀድመው በእግራቸው ሱዳን የገቡ ናቸው፤ በ1983 ዓ.ም. ደግሞ ሌሎች ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተወሰዱ። ወለቃ ውስጥ ሸክላው አልቀረም፤ የቀሩት ጎረቤቶች ያዙት፣ የሴቶች የእደ ጥበብ ማሠልጠኛም ተከፈተ።

ይህን የማነሣው ለታሪክ ብዬ አይደለም። ቡዳ የሚለው ቃል ልጅ ይገድላል። በቆላ ሕፃን አተኩሶት ሲንቀጠቀጥ «ቡዳ በላው» ተብሎ ጭስ ሲታጠን ያደረ እንደሆነ፣ ወባው በዚያች ሌሊት አንጎሉን ሊይዘው ይችላል። ትኩሳት የጀመረው ሕፃን በ24 ሰዓት ውስጥ ደሙ መመርመር አለበት። ሌላም አለ፦ ልጁ ከሁለት ሳምንት በላይ እያተኮሰው ከከሳና ግራ ጎኑ አብጦ ሆዱ ከተነፋ፣ በመተማና በሁመራ ቆላ በመጀመሪያ ሊጠረጠር የሚገባው ካላዛር ነው። የሚያስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ነው፤ መድኃኒትም አለው፤ ካልታከመ ግን ይገድላል። ሁለቱም በሽታዎች ከጎረቤት ዓይን አይመጡም። ሸክላ ሠሪዋንም ሲወነጅሏት ሁለት ቤት ይጎዳል፦ የታመመው ልጅ ጊዜ ያልፍበታል፣ የእርሷ ልጆች ደግሞ ትምህርት ቤት ብቻቸውን ይቀመጣሉ።

አያቶች ሆይ፣ በዚህ ነገር የእናንተ ቃል ከእኛ ከነርሶቹ ቃል ይበልጥ ይሰማል፤ ልጁን የት እንደሚወስዱት ብዙ ጊዜ የሚወስኑት አያት ናቸው። ስለዚህ አስተባባሪዋ ስትመጣ እናንተ ቤት ቡና ጠርታችኋት፣ ልጆች ባሉበት፣ ከአንድ ረከቦት ስትጠጡ መንደሩ ይያችሁ። እድሩ የሚሰበሰብበትን ቀንም ንገሯት። ልጆች ካሏት፣ ትምህርት ቤት በሚሄዱበት በመጀመሪያው ቀን የእናንተ የልጅ ልጆች አብረዋቸው ይሂዱ።