አረንጓዴ ጣሪያና ሦስቱ ዓይነቶቹ

አረንጓዴ ጣሪያ አፈር ተነጥፎበት ዕፅዋት እንዲበቅሉበት ሆኖ የተሠራ የሕንፃ ጣሪያ ነው። ከአፈሩ በታች ማጣሪያ ጨርቅ፣ ትርፍ ውኃን የሚያስወግድ ንጣፍ፣ ሥር የሚያግድ ሽፋንና ውኃ የማያስገባ ሽፋን ይነጠፋሉ። ዓይነቶቹ በዋናነት የሚለዩት በአፈሩ ውፍረት ነው።

የመጀመሪያው ቀላሉ ነው። አፈሩ ከ6 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱም በካሬ ሜትር ከ60 እስከ 150 ኪሎ ግራም ይደርሳል። በወፍራም ቅጠላቸው ውኃ የሚያጠራቅሙ፣ ድርቅ የሚችሉ አጫጭር ዕፅዋት ይበቅሉበታል። እንክብካቤው አነስተኛ ነው፤ መዝናኛ ግን አይሆንም።

መካከለኛው ዓይነት ከ12 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር አፈር ይዞ ሣር፣ አበባና ትናንሽ ቁጥቋጦ ያበቅላል።

ሦስተኛው ከባዱ፣ የጣሪያ ላይ የአትክልት ቦታ የሚባለው ነው። ለዛፎች ሲባል አፈሩ ከአንድ ሜትር ሊበልጥ ይችላል፤ መስኖና የዘወትር እንክብካቤም ይፈልጋል። ለዚህ ዓይነት ምሳሌ የሚሆነው በ2004 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የቺካጎ ሚሌኒየም ፓርክ በመኪና ማቆሚያና በባቡር ሐዲድ ላይ የተሠራ ነው። በዚያው ከተማ የሚገኘው የማዘጋጃ ቤት ጣሪያ ደግሞ ሦስቱንም ዓይነቶች አጣምሮ ይዟል።

አረንጓዴ ጣሪያ የዝናብ ጎርፍን ይቀንሳል፣ ሙቀትን ያበርዳል፣ ውኃ የማያስገባውንም ሽፋን ከፀሐይ ይጠብቃል። በነባር ሕንፃ ላይ ከመሠራቱ በፊት ግን ጣሪያው እርጥብ አፈር መሸከም መቻሉን መሐንዲስ ሊያረጋግጥ ይገባል።